ከ0.03 ሚሊ ሜትር እስከ ፍጹም ክልከላ፦ የፌስታል ሕግ ለፋብሪካውና ለደጀን ገበያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁለቱን ወርዶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ የማዶውን ጠመዝማዛ ዳገት ሲጨርስ የሚቀበለው የደጀን ከተማ ነው። በዚያ የጋለ ሞተር ይበርዳል፤ ተሳፋሪውም ወርዶ እግሩን ያፍታታል፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ብርቱካንና የታሸገ ውኃ ይገዛል። የገዛው ሁሉ በፌስታል ተቋጥሮ ይሰጠዋል። ጥቂት ሳይሄድ ፌስታሉ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ የሆነውም በመስኮት ይወረወራል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጉዞውን የሚያውቁት ነፋስና ጎርፍ ናቸው። ከከተማው ወደ ደቡብ ጥቂት እንደ ተሄደ መሬቱ ተገምሶ ወደ ዓባይ በረሓ ስለሚወርድ፣ በበጋ ነፋስ አንሥቶ እሾህ ላይ የሰቀለውን ፌስታል የክረምት ጎርፍ አውርዶ ለወንዙ ያስረክበዋል። ወንዙም የተረከበውን ይዞ ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ያመራል።

በቅርቡ ለሥራ ወደ ደጀን በወረድንበት ጊዜ በገበያው መካከል ሽሮ፣ በርበሬና ጨው በሚሸጡ አንዲት እናት ፊት ቆመን ነበር። ፌስታል በሕግ እንደ ተከለከለ ሰምተው እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። «ሰምቻለሁ እንጂ ልጆቼ፤ ጨውን በእፍኝ አላቀብል! ደግሞስ ይህን የሚሠራው ሰው አርፎ ተቀምጦ፣ እኔ ይዤው ብገኝ ነው የምቀጣው?» አሉን። እኛ ለጊዜው በቂ መልስ አልነበረንም። ይህ የጥናት ጽሑፍ ለጥያቄያቸው መልስ ለመፈለግ የተጻፈ ነው።

ፌስታል እንዴት ይሠራል?

ሕጉን ለመረዳት አስቀድሞ ፋብሪካውን ማወቅ ይጠቅማል። ፌስታል የሚሠራበት ዋናው ጥሬ ዕቃ ፖሊኢትሊን ይባላል፤ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኝ፣ በከረጢት ታሽጎ የሚመጣ፣ ምስር የሚያህል ነጭ ፍሬ ነው። በሀገራችን ይህን ፍሬ የሚያመርት የፔትሮ ኬሚካል ፋብሪካ ስለሌለ ሁሉም በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከባሕር ማዶ ይገባል። ፋብሪካው ፍሬውን ከ160 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት ያቀልጠዋል፤ በውስጡ የሚሽከረከር ብሎን ቅላጩን እየገፋ በክብ ቀዳዳ ያወጣዋል፤ ከሥር አየር ሲነፋበትም እንደ ፊኛ ተነፍቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ሲደርስ በርዶና ተደፍጥጦ በጥቅልል ይጠመጠማል፤ በመጨረሻም በሙቀት እየተበየደና እየተቆረጠ ፌስታል ይሆናል። የአየሩንና የጥቅልሉን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሠራተኛ ፊኛውን ይበልጥ በነፋው፣ ጥቅልሉንም ባፈጠነው ቍጥር ፌስታሉ እየሳሳ ይሄዳል።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ 30 ሳንቲ ሜትር በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፌስታል እናስብ። የእያንዳንዱ ገጽ ውፍረት 0.03 ሚሊ ሜትር ቢሆን ፌስታሉ ሰባት ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከአንድ ኪሎ ፍሬም ወደ 146 የሚሆን ፌስታል ይገኛል። ውፍረቱ ወደ 0.01 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ግን ከዚያው ኪሎ ወደ 438 ፌስታል ይወጣል። ፍሬው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነውና፣ እያሳሱ መሥራት ማለት ያንኑ ኪሎ ሦስት ጊዜ መሸጥ ነው። አንባቢው ይህን ስሌት በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ቀጥሎ የምንናገረው የሕግ ታሪክ ከዚህ የሚወጣ ነውና።

የ1999ኙ ዐዋጅና ሊለካ ያልቻለው ውፍረት

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቁጥር 513/1999 ሲወጣ ስለ ፌስታል የተናገረው በውፍረት ነበር። የገጹ ውፍረት ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች ለሆነ ፌስታል የማምረትም ሆነ የማስመጣት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከለከለ፤ ለገበያ የሚቀርበውም በተፈጥሮ የሚበሰብስ መሆኑ ወይም አለመሆኑ እንዲጻፍበት አዘዘ። አሳቡ መልካም ነበር። ወፍራም ፌስታል ይወደዳል፤ የተወደደ ነገር በከንቱ አይጣልም፤ ታጥቦ ደግሞ ያገለግላል፤ ሲያረጅም የሚለቅመው ሰው አያጣም። በወረቀት ላይ ሲነበብ የሚነቀፍ ነገር የለውም።

ነገር ግን የሰው ፀጉር ውፍረት በአማካይ 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሕጉ ወሰን ያደረገው ከፀጉር እኩሌታ ያነሰ ነገር ነው ማለት ነው። በደጀን ገበያ ይህን በዐይኑ አይቶ፣ በጣቱ ዳስሶ የሚለይ ማን ነው? ባለ ሱቁ አይለይም፤ ገዢውም አይለይም፤ የወረዳው ተቆጣጣሪ ቢመጣ እንኳ መለኪያው በእጁ የለም። ሕጉ የሚለካው ፋብሪካው በር ላይ ነው፤ ፌስታሉ የሚገኘው ግን ከፋብሪካው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ የገበያ መደብ ላይ ነው።

አንባብያን በየቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት ቀላል መለኪያ አለ። አንድ ዓይነት የሆኑ 50 ፌስታሎችን አንዱን በአንዱ ላይ አስተካክሎ መደርደርና በሁለት ሰሌዳ መካከል አጥብቆ መጫን ነው። እያንዳንዱ ፌስታል ሁለት ገጽ ስላለው 100 ገጽ ይሆናል፤ በ1999ኙ ሕግ መሠረት የተሠራ ቢሆን ቁመቱ በማስመሪያ ሲለካ 3 ሚሊ ሜትር መሙላት ነበረበት። እኛ በገበያው የገዛነውን አንድ ጥቅል እንዲህ አድርገን ስንለካው ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አልዘለለም። ስለ መበስበሱም ሆነ ስለ ሠሪው የተጻፈበት አንዳች ነገር አልነበረም።

በዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ተጎጂ አለ፤ እርሱም ሕጉን አክብሮ የሠራው አምራች ነው። ማሽኑን በብድር ገዝቶ፣ ፍሬውን በወረፋ ባገኘው ምንዛሪ አስመጥቶ፣ ባለ 0.03 ሚሊ ሜትር ፌስታል ያመረተ ሰው ከአንድ ኪሎ 146 ያወጣል፤ ጎረቤቱ በስውር እያሳሳ 400 ያወጣል። ነጋዴው የሚገዛው ከማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ሕግ ወጥቶ ሳይፈጸም ሲቀር ምንም አልተደረገም ብለን ማለፍ ልማዳችን ነው፤ በእውነቱ ግን ያልተፈጸመ ሕግ ታዛዡን ከገበያ አውጥቶ አታላዩን ያነግሣል። የፕላስቲክ ኢንዱስትሪያችን ባለፉት ዓመታት በፌስታል በኩል የወረደው በዚህ መንገድ ነው ብለን እናምናለን።

ላም ፌስታልን ለምን ትበላለች?

በደጀን ገጠር ያነጋገርናቸው አርሶ አደሮች ስለ ሚሊ ሜትር ምንም አያውቁም፤ ስለ ላም ግን ያውቃሉ። አንድ አባት፣ ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፣ ሁለተኛ ጥጃዋን የወለደች ላማቸው «እየበላች ከሳች» ብለው ነገሩን። ሆዷ ይነፋል፤ ማመስኳት ትተዋለች፤ ወተቷ ይነጥፋል። መድኃኒት አጠጧት፤ ጠበል ረጯት፤ አልሆነም። በመጨረሻ ሲያርዷት ከሆድ ዕቃዋ እንደ ገመድ የተጎነጎነ፣ ሁለት እጅ የማያቅፈው የፌስታል ድቡልቡል ወጣ።

እንዲህ ያለውን ነገር በየአካባቢው የሚያርዱ ሥጋ ሻጮች ሁሉ ያውቁታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጨው፣ የሽንኩርት ልጣጭ ወይም የምግብ ትራፊ የነበረበት ፌስታል ሽታውና ጣዕሙ አይለቀውም፤ በበጋ መኖ ሲሳሳ፣ ከብቱም ጨውና ማዕድን ሲጎድለው ያገኘውን ያላምጣል። ፌስታሉ በሆዱ አይፈጭም፤ ወደ ታችኛው ሆድ የሚወስደው ጠባብ መንገድም አያሳልፈውም፤ ስለዚህ አንዱ በአንዱ ላይ እየተጠመጠመ የመኖውን ቦታ ይይዛል። የእንስሳት ሐኪም ሆዱን ቀድዶ ካላወጣው በቀር የሚያሽረው መድኃኒት የለም፤ ይህ ደግሞ ለብዙው ገበሬ የማይደረስ ነገር ነው። በእርሻም ላይ እንዲሁ ነው። በመረሬ አፈር ውስጥ የተቀበረ ፌስታል ውኃ አያሰርግም፤ በላዩ የወደቀውም ዘር ሥር የሚሰድድበት አያገኝም። ፀሐይ ያገኘው ፌስታል ደግሞ ይደርቅና ይበጣጠሳል፤ ጠፋ እንላለን እንጂ የደቀቀ ፕላስቲክ ሆኖ እዚያው ይኖራል።

ፋብሪካው የሚያተርፈውን ትርፍ ፋብሪካው ያገኛል፤ የላሚቱን ዋጋ ግን የሚከፍለው ከፌስታሉ ምንም ያልተጠቀመ ገበሬ ነው። የአካባቢ ሕግ የሚወጣው ይህን ሒሳብ ወደ ባለቤቱ ለመመለስ ነው።

የ2017ቱ ዐዋጅ

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር መጨረሻ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ዐዋጅ ቁጥር 1383/2017ን አጸደቀ። ይህ ዐዋጅ ውፍረት መለካቱን ትቶ ፌስታልን ማምረትን፣ ማስመጣትን፣ መሸጥን፣ ለንግድ ማከማቸትንና መጠቀምን በአንድነት ከለከለ። ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ፣ በሚያመርተውና በሚነግደው ላይም ከዚህ እጅግ የከበደ ቅጣት እንዲጣል ተደነገገ።

እኛ ይህ አካሄድ ከቀድሞው ይሻላል እንላለን። ለምን ቢባል፣ «ፌስታል የለም» የሚለው ሕግ መለኪያ አይሻም፤ ሕፃንም ያውቀዋል። ከላይ ያነሣነው የ146ና የ438 ስሌትም ትርጉም ያጣል፤ ማሳሳት ከእንግዲህ ትርፍ አይደለምና።

ነገር ግን ቅን ሆነን የምንመሰክረው አንድ ነገር አለ። ክልከላው ታዛዡንም አታላዩንም በአንድ ቀን እኩል ዘጋባቸው። በ1999ኙ ሕግ ፈቃድ አግኝቶ፣ በዚያው ሕግ ወሰን የሠራ አምራች የብድሩ ዕዳ እንዳለ ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ወጣቶችም፣ አብዛኞቹ ከገጠር ወደ ከተማ የወጡ የእኛው ልጆች፣ እጃቸው የለመደው ይህን ሙያ ነው። ይህን ማንሣታችን ሕጉን ለመቃወም አይደለም፤ የሽግግሩ ሸክም በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ለማየት ነው።

ሌሎች ሀገሮች ምን ገጠማቸው?

በዚህ ረገድ ጎረቤታችን ኬንያ ከእኛ ቀድማ ተመሳሳዩን መንገድ ሄዳለች። በ2007 እ.ኤ.አ. ከ0.03 ሚሊ ሜትር፣ በ2011 ደግሞ ከ0.06 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ፌስታል ለመከልከል ሞክራ ሁለቱም አልሠራላትም። በሦስተኛው፣ ነሐሴ 22 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ፌስታልን በሞላ ከለከለች፤ ቅጣቱም እስከ አራት ዓመት እስራትና እስከ አራት ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ የሚደርስ ሆነ። የአምራቾቹ ማኅበር 176 ፋብሪካዎች እንደሚዘጉና 60,000 ሰዎች ሥራ እንደሚያጡ አስጠንቅቆ ነበር። ቀኑ ደረሰ፤ ፌስታሉም ከመደበኛው ገበያ ጠፋ። በምትኩ ግን ጨርቅ የሚመስል፣ ነገር ግን ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ቦርሳ ገበያውን አጥለቀለቀው። አምራቾቹ እርሱንም ዋጋ ለመቀነስ እያሳሱት ሄዱ፤ አንድ ቀን ውሎ የሚቀደድም ሆነ። ስለዚህ የሀገሪቱ የአካባቢ ባለሥልጣን በ2019 እ.ኤ.አ. በዚያም ላይ እገዳ ማውጣት ግድ ሆነበት። የማሳሳት ልማድ ከፌስታል ጋር አብሮ አልሞተም ማለት ነው። በእኛም ገበያ ዛሬ በፌስታል ፈንታ የሚመጣውን ቦርሳ ዳስሶ ማየት ያስፈልጋል፤ ጨርቅ መስሎ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላልና።

ሩዋንዳ በ2008 እ.ኤ.አ. ከልክላ በብርቱ ቁጥጥር ጸንታለች፤ ከጎረቤት ሀገሮች በኮንትሮባንድ የሚገባባት ግን አልቀረም። ሌላው መጠንቀቅ የሚገባን «ይበሰብሳል» የሚል ጽሕፈት ነው። በፍሬው ላይ ኬሚካል ተጨምሮበት በፀሐይ ቶሎ የሚበጣጠስ ፕላስቲክ አለ፤ ተበጣጠሰ እንጂ አልበሰበሰም። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህንኑ ዓይነት ለይቶ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ዓለም አቀፉን ስምምነት በተመለከተ ደግሞ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ እንዲጀመር የተወሰነው ድርድር በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ያለ ውጤት ተበትኗል። ስለዚህ ለጊዜው እያንዳንዱ ሀገር በየራሱ ሕግ ይተዳደራል።

ፕላስቲክ ሁሉ ፌስታል አይደለም

አንዳንድ ወገኖቻችን ሕጉን ሲሰሙ «ፕላስቲክ ተከለከለ» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ለኢንዱስትሪውም መውጫ የሚሆነውን በር ይዘጋል። የዐዋጁ እገዳ ያነጣጠረው በፌስታል ላይ ነው። የውኃ ቧንቧ፣ ጀሪካን፣ ባልዲና የመስኖ ቱቦ የሚሠሩት በሌላ ማሽን ነው። የውኃውን ጠርሙስ እንመልከት። በሀገራችን ቀድሞ በታወቀው የታሸገ ውኃ ስም ሁሉንም «ሃይላንድ» እንለዋለን፤ በገጠር ባዶው ዘይት ይያዝበታል፣ ማር ይቀዳበታል፣ ጠበል ይቀዳበታል። (በየጠበሉ ቦታ የሚጣለው ጠርሙስ ራሱን የቻለ ርእስ ነውና ለሌላ ዕትም እንተወዋለን።) ጆንያውንም እንመልከት። የአፈር ማዳበሪያው የመጣበት ከረጢት ስሙን ወርሶ፣ ዛሬ የጎጃም ገበሬ «አንድ ማዳበሪያ ጤፍ» ሲል ከፖሊፕሮፒሊን ክር የተሸመነ ጆንያ ማለቱ ነው። ሲሚንቶም የሚታሸገው በዚሁ ዓይነት ከረጢት ነው። ጆንያ ተሰፍቶ፣ ተጠግኖ፣ እስኪበጣጠስ ድረስ ዓመታት ያገለግላል፤ የፌስታል ዕድሜ ግን ከሱቅ እስከ ቤት ያለው መንገድ ነው። ልዩነታቸው ይህ ነው።

እንግዲህ ፊኛ እየነፋ ፌስታል ይሠራ የነበረው ማሽን ምን ይሥራ? እዚህ ላይ ለገበሬያችን የቀረበ አንድ ምሳሌ አለን። ነቀዝ የሚከላከለው ባለ ሦስት ድርብ የእህል ከረጢት በልማት ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ነው። በውጭ የተሸመነ ጆንያ፣ በውስጡ እያንዳንዳቸው 0.08 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የፖሊኢትሊን ከረጢቶች አሉት። እህሉ ደርቆ ይገባል፤ አንዱ ከረጢት በሌላው ውስጥ ተጠምዝዞ ይታሰራል፤ በውስጡ ያለው ነቀዝ የተረፈውን ኦክስጅን ተንፍሶ ሲጨርስ ያለ ምንም መድኃኒት ይሞታል። ለጤፍ ብዙም አያስፈልግም፤ ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም። ለበቆሎ፣ ለሽንብራና ለባቄላ ግን ዋጋው ትልቅ ነው፤ የነቀዘ ሽንብራ በገበያ ላይ ምን እንደሚያወጣ የደጀን ገበሬ ያውቃል። ያን 0.08 ሚሊ ሜትር ከረጢት የሚነፋው ማሽን ደግሞ ፌስታሉን ከሚነፋው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው መነፊያው አፍ፣ ፍጥነቱና የፍሬው ጥራት ነው።

ይህን ያህል ቀላል ነውን? አይደለም። ፌስታል ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል፤ የእህል ከረጢት ግን የሚፈለገው ከመከር ወዲህ ባሉት ጥቂት ወራት ነው። በወፍራሙ ከረጢት ላይ አንዲት ቀዳዳ ብትገኝ ነቀዙ ይተርፋል፤ ስለዚህ ተቀላቅሎ በቀለጠ አሮጌ ፕላስቲክ አይሠራም፤ ንጹሕ ፍሬ ይጠይቃል፤ ንጹሕ ፍሬም ምንዛሪ ይጠይቃል። አምራቹ ይህን መንገድ እንዲመርጥ ከተፈለገ ከመከር በፊት የሚያዝዘው ገዢ፣ ማለትም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበርና እንደ እኛ ያሉ የልማት ተቋማት፣ ትእዛዛቸውን በጊዜ መስጠት አለባቸው። ፋብሪካው እንዲለወጥ እየጠየቅን እኛ የምንገዛበትን ልማድ ካልለወጥን ንግግራችን ባዶ ነው።

ራሳችንንም ካነሣን አይቀር፣ ችግኝ የምናፈላበት ጥቁር ፕላስቲክም ያው ፖሊኢትሊን ነው። በክረምት ዘመቻ ጊዜ ችግኙ በፍጥነት ሲተከል ፕላስቲኩ ሳይወልቅ አብሮ የሚቀበርበት፣ ወልቆም በጉድጓዱ አጠገብ የሚጣልበት ጊዜ እንዳለ በዐይናችን አይተናል። ሥሩ በፕላስቲክ የታነቀ ችግኝ በሁለተኛው በጋ ይደርቃል፤ እኛም «የጸደቀው ይህን ያህል ነው» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን። በምንሠራባቸው የችግኝ ጣቢያዎች ሁሉ የወጣው ፕላስቲክ ተቈጥሮ እንዲመለስ ማድረግ የሚያስፈልገው ጥቂት ትጋት ብቻ ነው።

ወደ ደጀን ገበያ እንመለስ

የጨው ሻጯን እናት ጥያቄ ትተን ብዙ ሄድን። ከፌስታል በፊት በዚህ ሀገር ሰው ዕቃውን በምን ይይዝ ነበር ብንል፣ እህል በስልቻ፣ ቅቤ በቅል፣ የመንገድ ስንቅ በአገልግል፣ የቆሎ ተማሪው ምግብ በአኩፋዳ፣ የገበያ ዕቃ በዘንቢል እንደ ነበር አዛውንቱ ሁሉ ያስታውሳሉ። ይህን ማስታወስ ደስ ይላል፤ መፍትሔው ይህ ነው ብሎ መደምደም ግን የዋህነት ነው። ስልቻ ፍየል ይፈልጋል፤ አገልግል የሴት ልጅ የብዙ ሳምንት ጊዜ ይፈልጋል። ዘንቢሉም ራሱ ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው ከፕላስቲክ ጥብጣብ ነው፤ ይህ ግን አያስነቅፈውም፤ አንድ ዘንቢል ስንት ገበያ እንደሚውል እናውቃለንና። ወረቀት ለጨውና ለቡና ይሆናል፤ የሐምሌ ዝናብ ካገኘው ግን እቤት አይደርስም፤ የወረቀቱም ጥሬ ዕቃ ቢሆን ከውጭ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ቅርብ ሆኖ ያገኘነው ያገለገለውን የማዳበሪያ ጆንያ አጥቦ፣ ቆርጦና ሰፍቶ የገበያ ቦርሳ ማድረግ ነው። በየከተማው ሴቶች ይህን ሲሠሩ ይታያል፤ የልብስ ስፌት መኪና ያላት እናት በአንድ ቀን ብዙ ልትሰፋ ትችላለች፤ ጆንያውም በየገበሬው ቤት አለ። ችግሩ ዋጋው ነው። ቦርሳው ይሸጣል፤ ፌስታሉ ግን «በነጻ» ይሰጥ ነበር። በነጻ የሚለው ቃል ግን መታረም አለበት። ባለ ሱቋ ፌስታሉን በጥቅል ገዝታው ነበርና፣ ዋጋው በሽሮውና በበርበሬው ላይ ተደርቦ ሲከፈል ኖሯል። ያን ወጪ ስለ ተገላገለች፣ የራሱን ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ጥቂት ጨምራ ብትሰፍርለት ሁለቱም አይጎዱም። ይህን በየሰበካው ጉባኤና በየዕድሩ ተነጋግሮ መወሰን ይቻላል፤ የሚጠይቀው ገንዘብ የለም።

ከደጀን ከመመለሳችን በፊት ወደ እኒያ እናት መደብ ተመልሰን ሄድን። ዐዋጁ በአምራቹና በአስመጪው ላይ የሚጥለው ቅጣት ከእርሳቸው እጅግ የከበደ መሆኑን ነገርናቸው። በጥሞና አዳመጡን። ጨውን ያገለገለ የደብተር ወረቀት ጠቅልለው መሸጥ ጀምረዋል፤ በርበሬ የሚገዛ ሰው ከቤቱ ብርጭቆ ወይም ጣሳ ይዞ እንዲመጣ ይነግራሉ፤ ሽሮውን ግን እንዴት እንደሚያደርጉት ገና አላወቁም። ከመደባቸው ሥር ያልተፈታ የፌስታል ጥቅል ተቀምጦ አየን። ለምን እንደ ቀረ ስንጠይቃቸው፣ «ያመጣልኝን ነጋዴ መልሰህ ውሰድና ገንዘቤን ስጠኝ ብለው፣ እኔም ከወሰድኩበት አይመልሱልኝም አለኝ» አሉን፤ ጥቅሉንም በእግራቸው ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ቀጣዩን ገዢ ተቀበሉ።